«ነግ በኔ» ያሉት ጄኔራል

አማርኛችን በሁለት ቃል ብቻ ትልቅ የሥነ ምግባር ትምህርት የሚያስተምርበት አባባል አለው፤ «ነግ በኔ»። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚሮጠው፣ የማያውቀው ሰው ቀብር ላይ ቆሞ አፈር የሚያለብሰው፣ በሌላው ላይ የደረሰ ግፍ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ነግ በኔ» ይልና ሌላ ማብራሪያ አይጨምርም። ቃሉ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። ስሌትም ፍርሃትም አለበት። ዛሬ በእሱ ላይ የሚሆነውን ዝም ብዬ ካየሁ፣ ነገ በኔ ላይ ሲሆን ማን ይጮኽልኛል? ነገሩ ይኸው ነው።

እስቲ ዛሬ ይህንን የኛን አባባል፣ አማርኛ ሳያውቁ፣ ጄኔቫ ላይ ስለተናገሩ አንድ የካሪቢያን ዲፕሎማት እናውጋ። ስማቸው ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ነው። አገራቸው ሄይቲ ናት። የተናገሩት በ1928 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 1935 ነው። የተናገሩለት ጉዳይ ደግሞ የኛው ነው። ይሁንና ታሪኩ ጄኔቫ ላይ አይጀምርም። የሚጀምረው ጅጅጋና ከጅጅጋ ወዲያ ባለው የግመል አገር ነው።

ከሐረር ተነስቶ ባቢሌን አልፎ፣ የካራማራን ተራራ ወጥቶ የወረደ መንገደኛ ሜዳው ላይ ተዘርግታ የሚያገኛት ጅጅጋ ከብዙዎቹ የአገራችን ነባር ከተሞች በአንድ ነገር ትለያለች። የመሐል ከተማዋ መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው። በገመድ የተለኩ ያህል እየተቋረጡ ይሄዳሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የዛሬዋን ጅጅጋ እ.ኤ.አ. በ1916 ፕላን አውጥተው የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሩሲያ ውስጥ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት፣ «ፋቡላ»ን የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን ሰውየውን የማነሳው በቲያትራችን ታሪክ መጀመሪያ ላይ ነበር። ተማሪዎቼ እንደ ደራሲ ያውቋቸዋል። የሕግ ተማሪ እንደ ሕግ አርቃቂ ያውቃቸዋል። ጅጅጋ ደግሞ በመንገዶቿ ታውቃቸዋለች።

እኒህ ሰው በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በነበረው የመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ዋና መልእክተኛ ነበሩ። እንግዲህ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚገጣጥመው። የጅጅጋን መንገድ የለኩት ሰው፣ ጅጅጋና ኦጋዴን ለመወረር ሲቃረቡ ጄኔቫ ላይ ተቀምጠው ለዓለም አቤት ይላሉ። በዚያው አዳራሽ፣ በሌላ ወንበር፣ የሄይቲው ጄኔራል ኔሙር አሉ።

የጉዳዩ መነሻ ወልወል ነው። ወልወል ከጅጅጋ ደቡብ ምሥራቅ፣ የአርብቶ አደሩ ግመል የሚጠጣባቸው የውኃ ጉድጓዶች ያሉበት ስፍራ ነው። ኢትዮጵያና ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1908 ባደረጉት ስምምነት ወሰኑ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 180 ማይል ገባ ብሎ እንዲሄድ ተስማምተዋል። ወልወል ከዚያ መሥመር ወዲህ፣ ወደ ኢትዮጵያ ውስጥ ርቆ የሚገኝ ነው። ኢጣሊያ ግን ወታደሮቿን አስገብታ ምሽግ ሠርታበት ነበር። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰንና የከብት ግጦሹን መሬት ሲያጠና የቆየው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ኮሚሲዮን አጃቢዎቹን ይዞ እዚያ ደረሰ። ፍጥጫ ሆነ። እንግሊዞቹ ነገሩ እንዳይከፋ ብለው ፈቀቅ አሉ። የኢትዮጵያ ወታደሮች ቀሩ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ፤ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ባለው ወገንና በሌለው ወገን መካከል። ከኢትዮጵያ ወገን የሞተው ከ100 በላይ ነበር። ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ እዚያው ወደቁ።

እዚህ ላይ አንድ ስም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፤ ዑመር ሰመተር። እኒህ ሶማሌ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ በኢጣሊያ ሶማሊያ ውስጥ በፋሺስቱ ገዥ ላይ አምፀው የተዋጉና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ናቸው። ወልወል ላይ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመው ተዋግተዋል። የወልወልን ታሪክ በአማርኛ ስናወራ ፊታውራሪዎቻችንን እናነሳለን፤ ደግ እናደርጋለን። ግን ጉድጓዱ የማን ግመል የሚጠጣበት ነበር? መጀመሪያ የተጠማውስ ማን ነው? ይህንን ጥያቄ ላፍታ እናቆየው፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ከወልወል በኋላ የመጣው ከወልወል የባሰ ነበር። የተወጋችው ኢትዮጵያ ካሣ እንድትከፍል ተጠየቀች። ሙሶሊኒ 200,000 የማሪያ ቴሬዛ ብር ካሣ፣ የሐረር ገዥ ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁና የኢጣሊያ ባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጠው ፈለገ። «የአህያን ውድማ ጅብ ከሰሰ» እንዲሉ። ለአብዛኛው የጄኔቫ ዲፕሎማት ይህ ጥያቄ ትንሽ ከበድ ያለ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነበር። ለአንድ የሄይቲ ሰው ግን የገዛ አያቶቹ ታሪክ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ሄይቲ በባርነት የነበሩ ሰዎች በጦርነት ነፃ ወጥተው ያቆሟት አገር ናት። የናፖሌዎንን ጦር ኅዳር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር ላይ አሸንፈው በጥር 1 ቀን 1804 ነፃነታቸውን አወጁ። ሃያ ዓመት አለፈና እ.ኤ.አ. በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጠየቀች። የምን ካሣ? ባለ ርስቶቹ ላጡት መሬትና ላጧቸው ባሪያዎች! ራሱን ነፃ ያወጣ ሰው የራሱን ዋጋ ለጌታው እንዲከፍል ማለት ነው። ገንዘቡ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ዕዳው ሄይቲን ለትውልዶች አጎበጣት። በ1915 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ገባና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። የወጣው በነሐሴ 1934 ነው። ልብ በሉ፤ ወልወል የተተኮሰው በታኅሣሥ 1934 ነው። የባዕድ ወታደር ከፖርት ኦ ፕሪንስ በወጣ በአራተኛው ወር፣ ሌላ የባዕድ ወታደር ወልወል ላይ ተኮሰ ማለት ነው። ደግሞ ወታደሩ ቢወጣም አሜሪካ በሄይቲ ገንዘብ ላይ ያላት ቁጥጥር ገና አልተነሳም ነበር።

ጄኔራል ኔሙር የዚህች አገር ሰው ናቸው። ወታደርም፣ ዲፕሎማትም፣ የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። በፓሪስ የሄይቲ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ያን ጊዜ «አምባሳደር» የሚለው ማዕረግ ታላላቆቹ መንግሥታት እርስ በርስ የሚለዋወጡት ነበርና የትናንሾቹ አገሮች እንደራሴ «ሚኒስትር» ነበር የሚባለው። ሥራው ግን ያው ነው። በጄኔቫም የአገራቸው መልእክተኛ ነበሩ። ከሥራቸው ጎን ለጎን ስለ ሄይቲ የነፃነት ጦርነት ወታደራዊ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1928 ሁለት ቅጽ አሳትመዋል። በ1929 ደግሞ ስለ ቱሳን ሉቬርቱር እስራትና ሞት ጻፉ። ቱሳን የባሪያዎቹን አመፅ የመራው፣ በኋላ በማታለል ተይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፎር ዴ ዡ በሚባል ቀዝቃዛ ምሽግ ታስሮ በሚያዝያ 1803 የሞተው ጀግና ነው። ኔሙር ወደዚያ ምሽግ እንደ ተሳላሚ ተጉዘዋል። ቀን ቀን ግብዣና ስብሰባ የሚውል ዲፕሎማት፣ በተረፈው ጊዜ የአገሩን ታላቅ ሰው የመጨረሻ ክፍል ፍለጋ ተራራ ይወጣል። የእኒህን ሰው የጄኔቫ ንግግር ለመረዳት ይህንን ማወቅ ግድ ነው። የሚናገሩት ከማኅደር ነበር፤ ያውም ራሳቸው አገላብጠው ከጨረሱት ማኅደር።

ኔሙር ከባዶ ሜዳ የበቀሉም አልነበሩም። ትንሿ ሄይቲ ከአቅሟ በላይ የሚናገሩ መልእክተኞችን የማውጣት ልማድ ነበራት። ከአድዋ ድል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሄይቲ የባሕር ኃይል መኮንንና ጋዜጠኛ ምኒልክን ፍለጋ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቷል። ባቡር ገና አልተዘረጋም። ከጅቡቲ ሐረር የሚያስገባው መንገድ የኢሳን በረሃ የሚያቋርጥ የግመል ቅፍለት መንገድ ነበር። ሲልቫን ከዚያም በኋላ ተመላልሷል፤ በ1900 ለንደን ላይ በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤም የሄይቲም የኢትዮጵያም ወኪል ሆኖ ቀርቧል። ቀጥሎ ዳንቴስ ቤልጋርድ መጡ። ቤልጋርድ እ.ኤ.አ. በ1922 ጄኔቫ ላይ ተነስተው፣ ደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት በምታስተዳድረው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ቦንደልስዋርት በሚባለው ሕዝብ ላይ ከአየር ያወረደችውን ቦምብ አወገዙ። በዚያ ጊዜ አፍሪካዊው ራሱ በዚያ አዳራሽ አፍ አልነበረውም። አንድ የካሪቢያን ሰው አፍ ሆነው።

እንግዲህ ወደ ጥቅምት 1935 እንምጣ። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻግራለች። የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው መጣ፤ እያንዳንዱ አገር ይስማማ ወይም ይቃወም ተባለ። አውስትሪያና ሃንጋሪ ከጎረቤታቸው ኢጣሊያ ጋር አንጣላም አሉ። ሌሎቹ ቃላቸውን እየመጠኑ ተስማሙ። ኔሙር ተነሱና ሄይቲ እንደምትስማማ ተናገሩ፤ ግን በዚያ አላበቁም። ለአዳራሹ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ ጨመሩ። ታላቅም ሆንን ትንሽ፣ ብርቱም ሆንን ደካማ፣ ቅርብም ሆንን ሩቅ፣ ነጭም ሆንን ጥቁር፣ አንድ ቀን እኛም የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ማለታቸው ነበር።

ይህ እንግዲህ በአማርኛ «ነግ በኔ» ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ንግግሩን ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር የሚገርመኝ የሌለበት ነገር ነው። ኔሙር ጥቁር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ጥቁር ናት። በዚያ ዓመት ከሃርለም እስከ ኪንግስተን፣ ከፖርት ኦፍ ስፔን እስከ ለንደን ጥቁር ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ሰልፍ ይወጣ ነበር። ኔሙርም «ወንድሞቼ ናቸውና እርዱልኝ» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ክርክራቸውን ግን ዘር ላይ አልሠሩትም፤ ሕግ ላይ ነው የሠሩት። ለቤልጂጉም፣ ለቼኮዝሎቫኪያውም፣ ለፖላንዱም ነው «ነገ አንተ ነህ» ያሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ቼኮዝሎቫኪያ ተቆረሰች፤ በአራተኛው ዓመት ፖላንድ ተወረረች፤ በአምስተኛው ቤልጂግ፣ ከሷም ጋር ፈረንሳይ ራሷ። ኔሙር ነቢይ አልነበሩም። አገሩ አንዴ የተቀማ ሰው ሌባ ሲመጣ ኮቴውን ለይቶ ይሰማል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የዝምድናውን ነገር ካነሳን፣ በኛ በኩል ያለውንም መሸሸግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1903 ወደ ምኒልክ የመጣው የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ወሬ ጽፏል። ሲልቫን ስለ ጥቁር ሕዝብ አንድነት ሲያስረዳቸው ምኒልክ ሐሳቡን አመስግነው፣ እሳቸው ግን ራሳቸውን ከዚያ ዘር እንደማይቆጥሩ ነገሩት ይላል። ወሬው ከሁለተኛ እጅ የመጣ ስለሆነ የታሪክ ሰዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። እውነት ቢሆንም ባይሆንም ጥያቄው ከኛ ጋር የኖረ ነው። «ዘመዳችሁ ነን» ብሎ ከባሕር ማዶ የሚመጣን ሰው የዘር ሐረግ እየቆጠርን የምንመልስበት ጊዜ አለ። ኔሙር ይህንን ቆጠራ ሁሉ ዘለው ነው የቆሙልን። ዘመድ ነህ አይደለህም ሳይሉ፣ «ዛሬ አንተ፣ ነገ እኔ» አሉ።

አሁን ጥያቄው ይመጣል፤ ቃሉ ምን ፈየደ? አንድ ጥይት አስቀረ? አንድ ሰው አዳነ? አንባቢ ይህን ቢጠይቅ ትክክል ነው። 50 ያህል መንግሥታት በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ለመጣል ተስማሙ። ማዕቀቡ የጸናው ኅዳር 18 ቀን 1935 ነው፤ እንደ አጋጣሚ ሄይቲ የቬርቲዬርን ድል የምታስብበት ቀን። ግን ነዳጁ ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ታንኩና የመርዝ ጢሱ በቦዩ እያለፈ መጣ። የኔሙር ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ገና ሳይበርድ፣ በጥቅምት 1928፣ በኋላ ደጃዝማች የተባሉት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ቆራሄ ላይ በአየር ድብደባ ቆስለው ሞቱ። የደቡቡ ጦር አዛዥ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጅጅጋን ዋና ሰፈራቸው አድርገው፣ ዋሂብ ፓሻ በተባሉ ቱርካዊ ጄኔራል እየተመከሩ ለወራት መከቱ። በመጋቢት ጅጅጋም ሐረርም ከአየር ተደበደቡ። በሚያዝያ ደጋሃቡር ወደቀች፤ በወሩ መጨረሻ ጅጅጋ። ግራዚያኒ ጅጅጋ ገብቶ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲጎበኝ ምንጣፍ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ካህናቱ ያጠመዱብኝ ወጥመድ ነው ብሎ ቂም እንደያዘ ይነገራል። ደጃዝማች ነሲቡ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው፣ ጦር ሜዳ የጎዳው ሳንባቸው ሳይድን፣ በጥቅምት 1936 ስዊዘርላንድ ዳቮስ ውስጥ አረፉ። የጅጅጋው አዛዥ የሞቱት ከጄኔቫ በባቡር በሚደረስበት ተራራ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሳ።

ስለዚህ ቃል ጅጅጋን አላዳነም። ይህን መካድ አይቻልም። ግን «ቃል ከንቱ ነው» ብሎ መዝጋትም የታሪኩን ግማሽ መቁረጥ ነው። ትንሽ አገር ጄኔቫ ላይ ያላት ሀብት አንድ ድምፅና አንድ መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃል ወዲያው ባይሠራ ይጠብቃል፤ እንደ ዘር ነው። የኔሙር ቃል የበቀለውም በኛው እጅ ነው። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. የቃኘውን ጦር ሩቅ ኮርያ ድረስ ስትልክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት ምክንያት ያው የጋራ ደኅንነት የሚባለው ነገር ነበር፤ ለኛ ያልተደረገውን እኛ ለሌላው እናድርግ ነው። ከዚህ ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ስለ ምን? ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ! ያች የሄይቲው ቤልጋርድ በ1922 የጮኹላት አገር። ፍርድ ቤቱ በ1966 ክሱን አልቀበልም አለ። እንደገና ቃል ብቻ ሆነ ማለት ነው። ናሚቢያ ግን በ1990 ነፃ ወጣች፤ በመዝገቡም ላይ የኢትዮጵያ ስም ከሳሽ ተብሎ አለ። ያኔ እኛ ለሌላው ኔሙር ሆንን። ውለታ የሚከፈለው ሁልጊዜ ለዋለው ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ወደ ፊት፣ ለሚቀጥለው ችግረኛ ነው።

የሚቆጨኝ ግን ማስታወሳችን ነው። አዲስ አበባ የኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም ላለችው ለሜክሲኮ አደባባይ ሰጥታለች። ታክሲ ተሳፋሪ በቀን ስንት ጊዜ «ሜክሲኮ ወራጅ» ይላል። በዚያው በካሪቢያን ባሕር ያለችው ኩባ በሶማሊያ ጦርነት ወታደሮቿን ልካ፣ ካራማራ ላይ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተዋግተው ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተለቅቃለች። ለሞቱትም ጥቁር አንበሳ አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ሥር ምስላቸው ቆሟል። ደም ያፈሰሰ ሐውልት አለው፤ እውቅና የነፈገ አደባባይ አለው። ኔሙር ግን የላቸውም። ስማቸውን እዚያው ጅጅጋ መሐል ከተማ፣ ተክለ ሐዋርያት በለኳቸው መንገዶች ላይ ብትጠሩ ዞር የሚል የለም። ሰውየው በ1955 እ.ኤ.አ. ሞተዋል። የሰበሰቡት የሄይቲ ታሪክ መጻሕፍት ክምችት ዛሬ በፖርቶ ሪኮ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ትሪኒዳድን፣ ጃማይካንና ሄይቲን ሲጎበኙ ኔሙር ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ሄይቲ የአፍሪካ ኅብረት አባል ልሁን ብላ ጠየቀች። ኅብረቱ በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ በመተዳደሪያ ሕጉ አባል መሆን የሚችለው የአፍሪካ አገር ብቻ ነው። በሕግ ዓይን መልሱ ስሕተት የለበትም። ካርታ ካርታ ነው። ነገር ግን ይህ መልስ የተሰጠው በአዲስ አበባ ነው፤ ሄይቲ «ሩቅም ቅርብም» ብላ በቆመችላት ከተማ። ሕጉ ቢከለክል እንኳ አንድ ሰው ተነስቶ «ይህች አገር በ1935 ለኛ ምን እንዳለች እናስታውስ» ቢል ምን ይጎድል ነበር? ደግነቱ ነገሩ በዚያ አልቀረም። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የአፍሪካና የካሪቢያን አገሮች መሪዎች ሁለተኛ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተካሂዷል። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ስለ ንግድና ስለ አየር መንገድ ይወራል፤ መወራትም አለበት። ከቡና እረፍቱ በፊት ግን የኔሙርን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ያቆየነውን ጥያቄ እናንሳ። የወልወል ጉድጓድ የማን ነበር? በ1927 ኅዳር ወልወል ስትወጋ ለብዙ የመሐል አገር ሰው ሩቅ በረሃ ላይ የሆነ የዘላኖች ጉዳይ ነበር። በአሥር ወሩ ጦሩ ትግራይ ገባ፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አዲስ አበባ። ሩቅ የሚባል ነገር እንደሌለ የተማርነው እንደዚያ ነው። ኔሙር ለአውሮፓ የተናገሩት ቃል ታዲያ ለኛም ለእርስ በርሳችን የተነገረ ይመስለኛል። በ2010 ዓ.ም. ሶማሌና ኦሮሞ ተጎራብተው በኖሩበት ወሰን ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጅጅጋ ውስጥ ሰው ሲገደል፣ ሱቅ ሲዘረፍና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ስንቶቻችን ነን «እዚያ» የሆነ ነገር ነው ብለን ዜናውን ያለፍነው? በቀጣዮቹ ዓመታት «እዚያ» የሚለው ቃል በየተራ ስንት ቦታ ዞሮ ስንቱን ቤት እንዳንኳኳ ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

«ነግ በኔ» የኛ ቃል ነው። አባቶቻችን ያወረሱን፣ እናቶቻችን በየለቅሶው የሚሉት። የሄይቲው ጄኔራል ከነሱ ሳይሰሙ፣ ከገዛ አገራቸው ቁስል ተምረው ደረሱበት፤ ያውም ለኛ ሲሉ በአደባባይ ተናገሩት። የዲፕሎማት ሥራ የአገሩን ጥቅም ማስጠበቅ ነው ይባላል፤ ልክ ነው። ኔሙርም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወልወልን ሲጠብቁ ፖርት ኦ ፕሪንስን እየጠበቁ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ይህ የገባው ሰው በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም ዘመን ብዙ አይደለም።

የጅጅጋ ትምህርት ቤቶች የወልወልን ትምህርት ሲያስተምሩ ሦስት ስም አብረው ቢያስተምሩ ደስ ይለኛል፤ ጉድጓዱ ላይ የተዋጉትን ዑመር ሰመተርን፣ ከተማዋን የቆረቆሩትንና ጄኔቫ ላይ የተሟገቱላትን ተክለ ሐዋርያትን፣ ከባሕር ማዶ የተነሱላትን ኔሙርን። አንዱ ሶማሌ፣ አንዱ የሸዋ ሰው፣ አንዱ ሄይቲያዊ። ልጆቹ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ምን ያገናኛቸዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጆች ጥሩ ነገር ይጠይቃሉና። መልሱም ሁለት ቃል ነው።